በነጠላው ውስጥ ያየሁት

ይህን ነገር ሙሉውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባሌ ሳይሰማው ሞተ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አያውቁትም። በጸሎቴ እንኳ፣ እግዚአብሔር መቼም ያውቀዋል እያልኩ፣ ዙሪያውን ስዞረው ኖሬያለሁ እንጂ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። እኛ ጋ እንደ ኦርቶዶክሶቹ የንስሐ አባት የለም። ስለዚህ ዛሬ በዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት እርስዎን ነው፤ ይህን የሚያነቡትን። ፊትዎን ስለማላየው ይቀለኛል። ፈሪ ነኝ፤ ይህን ከመጀመሪያው ይወቁልኝ።

ስሜ ዘቢደር ነው። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሸማ ተራ ተቀምጬ የነጠላ ጫፍ ቋጭቻለሁ፣ ጥለት ሰፍቻለሁ። ሱቄ ጠባብ ናት። ከጣሪያ እስከ ወለል ነጠላና ጋቢ ስለሚንጠለጠልባት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባ ሁሉም ነገር ነጭ ይሆናል። እዚያ ነጭ ውስጥ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ስንት ጊዜ እንቅልፍ እንደወሰደኝ አልነግርዎትም። በሕልምና በሥራ መካከል መቀመጥ የለመድኩት ያኔ ነው። በኋላ ይህ ልማድ ለክፋት ጠቅሞኛል።

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ግን ጴንጤም ዓይነት አለው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከሜኖናውያን ወገን ናት። ሕፃን አናጠምቅም፤ ሰው ልቡ አውቆ፣ በገዛ አፉ አምኛለሁ ብሎ ነው ውሃ የሚገባው። መሣሪያ አናነሣም። ለመታን አንመልስም። በጌታ እራት ቀን ጎንበስ ብለን የአንዳችንን እግር አንዳችን እናጥባለን። ደግሞም አንምልም። የክርስቲያን ቃል አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም ነው፤ መሐላ የሚያስፈልገው ያለ መሐላ የማይታመን ሰው ነው ብለን እናምናለን።

መርካቶ ውስጥ ሳይምሉ መኖር ምን እንደሚመስል አንድ ቀን መጥተው ይዩት። ከጠዋት እስከ ማታ "ወላሂ!" ነው፣ "ማርያምን!" ነው፣ "ልጄን ይንሳኝ!" ነው። ልጄን ይንሳኝ የሚለው ሰውዬ አንዳንዴ ልጅ የለውም። እኔ ግን "ዋጋው ይኸው ነው" ብዬ ዝም እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ተሳለቁብኝ። "እስቲ አንዴ ማይ፣ ምላስሽ አይቆረጥ!" ይሉኝ ነበር።

ያልሳቀብኝ ጋሽ ይመር ብቻ ነው። ጋሽ ይመር ከሱቄ ፊት ለፊት ጋቢ የሚሸጥ፣ ከወሎ የመጣ ሙስሊም ነበር። በመካከላችን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድና አንድ ቦይ ብቻ ነው ያለው። "ተዉአት፣ ሃይማኖቷ ነው" አላቸው አንድ ቀን። "ሃይማኖቱን የሚፈራ ጎረቤት ካለ ሱቅ ሳይዘጉ ሶላት ይኬዳል።" ከዚያ ወዲህ እውነትም አልዘጋም። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ከበሩ ላይ ተቀምጦ በቢጫ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ እግሩን ይታጠባል፤ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ቀስ ብሎ ያሻል፤ ከዚያ "ዘቢደር፣ አደራ" ብሎኝ ይሄዳል። እኔም ከመኪናዬ ሆኜ ሱቁን አይለት ነበር።

ረቡዕ ረቡዕ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ባለው ቤቴ ወጣቶች ሰብስቤ ለጥምቀት አስተምር ነበር። ስለ ሰላም ሳስተምር አንደበቴ ይፈታል። በጣም የምወዳት አንዲት ታሪክ ነበረችኝ፤ የድሮዎቹ አናባፕቲስቶች፣ የእምነታችን አባቶች፣ ባሕር ማዶ ሲታደኑ የሆነ ነው። አንዱ ከእስር አምልጦ በረዶ በሆነ ውሃ ላይ እየሮጠ ሳለ አሳዳጁ በረዶው ተሰብሮበት ይሰምጣል። ሰውየው ተመልሶ ጠላቱን ከውሃ ያወጣዋል። በዚያው ተይዞ በእሳት ይሞታል። ውሃ በረዶ ሆኖ ሰው ሲሄድበት አንዳችንም አላየንም፤ ግን ይህን ስናገር ሁልጊዜ አለቅስ ነበር። ተመልሶ መሄዱ ያስለቅሰኛል። ምን ዓይነት ሰው ነው የሚመለሰው እያልኩ ልጆቹን እጠይቃቸው ነበር።

ከተማሪዎቹ አንዱ ታናሽ ወንድሜ ታምራት ነበር። እናታችን ስትሞት ጨቅላ ልጅ ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ጉልበተኛ ሆኖ አደገ፤ በየሰፈሩ ተደባድቦ ስንት ጊዜ የወለቀ ጥርሱን ይዞ እንደመጣ እኔ አውቃለሁ። በሃያ ስድስት ዓመቱ ልቡ ተመለሰ። ከእኔ ጋር ሱቅ መዋል ጀመረ፣ ረቡዕን አያስቀርም፣ ስለ ሰላም ሲጠየቅ ከሁሉም በላይ የሚመልስ እሱ ሆነ። ያ ነገር ሲሆን ሊጠመቅ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

እንግዲህ የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ነው። ሰኔ መግቢያ፣ ጁምዓ ቀን። ዝናብ መጥቶ ሄዷል፤ ገበያው ቀዝቅዟል። የሙስሊሞቹ ሱቆች ለሶላት ተዘግተው መንገዱ ጭር ብሏል። ጠዋት ጋሽ ይመር ደሳለኝ ከሚባል ተሸካሚ ጋር ተጣልቶ ነበር፤ ደሳለኝ የእሱን ጋቢዎች ቦይ ውስጥ ጥሎበት። ጋሽ ይመር ሲቆጣ ድምፁ ትልቅ ነው። "ዛሬ አንተን አያድርገኝ!" ሲል ሸማ ተራ በሙሉ ሰምቷል። ከዚያ ንዴቱ አልፎለት፣ እግሩን ታጥቦ፣ አደራውን ሰጥቶኝ መስጊድ ሄደ።

እኔ ከተንጠለጠለው ነጠላ ኋላ ተቀምጬ ነበር። ዓይኔ ከበድ ብሏል። ደሳለኝ ደግሞ ሌላ ጭነት ተሸክሞ ሲያልፍ የእኛን የታጠፈ ነጠላ ጠርጎ ጭቃ ውስጥ ከተተው። ታምራት ጮኸበት። ደሳለኝ የሞተች እናታችንን ጠርቶ ሰደበው። ታምራት ሸማ የምንለካበትን የብረት ሜትር አነሣ። አንዴ ብቻ ነው የመታው። ድምፁ ትንሽ ነበር። ደሳለኝ ጭነቱ እላዩ ላይ እንዳለ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ከዚያ በጎኑ ተኛ። ታምራት ብረቱን ጥሎ በጭድ ተራ በኩል ሮጠ።

ነጠላ ስስ ነው፤ ያሳያል። ግን ሁሉንም ነገር ነጭ አድርጎ፣ ዳር ዳሩን አደብዝዞ ነው የሚያሳየው። እኔ ለራሴ የነገርኩት የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው። በሕልሜ ነው፣ በጨርቅ ውስጥ ነው፣ በደንብ አልታየኝም አልኩ። ታየኝ። የእጁን ጅማት እንኳ አይቻለሁ። ተነሥቼ መሮጥ ስችል እግሬን ከመኪናዬ መርገጫ ላይ አላነሣሁም።

የሮጠው ጋሽ ይመር ነው። ከሶላት ቀድሞ ሲመለስ ሰው ወድቆ አየ፤ ጭነቱን አነሣለት፣ ራሱን አቀፈ፣ በደሙ ተነከረ። ብረቱንም ከመንገድ ላይ አንሥቶ ያዘ። ሰዎች ሲደርሱ ያገኙት እንዲህ ነው፤ ጠዋት ዝቶ፣ ከሰዓት ብረት ይዞ። ደሳለኝ ከቀናት በኋላ ነቃ፤ ማን እንደመታው ግን ምንም አያስታውስም። የአንድ እጁ ጣቶች አልታዘዝ እንዳሉት ወደ አገሩ ሄደ። እሱንም በድያለሁ፤ የመታውን ሳያውቅ እንዲኖር አድርጌዋለሁና።

ጋሽ ይመር ሲታሰር የመከላከያ ምስክር አድርጎ የጠራው እኔን ነው። ሱቁን እንድጠብቅ አደራ ሰጥቶኝ ስለነበር፣ ያየሁት ነገር ይኖራል ብሎ ነው። ሚስቱ ፋጡማ እየሮጠች መጣች። ሻሿ ተፈትቶ ትከሻዋ ላይ ወድቆ ነበር።

"ዘቢደር፣ እህቴ፣ ፍርድ ቤት ቀርበሽ ያየሽውን በይልን። ሌላ ማንም የለንም" አለችኝ።

እኔ ምን አልኩ? አላየሁም ብል ውሸት ነው። እኔ ደግሞ አልዋሽም፤ የማልዋሽ ሴት ነኛ! ስለዚህ ከውሸት የባሰ፣ ግን ንጹሕ የሚመስል ነገር ፈለግኩ።

"ፋጡማዬ፣ ፍርድ ቤት ያስምላል። በሃይማኖቴ መማል አልችልም" አልኳት።

ይህን ስል ምን እንደማውቅ ልንገርዎት። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አፌ ያስተማርኩትን አውቅ ነበር። የማይምል ሰው ዳኛው ፊት ቆሞ፣ ሃይማኖቴ መሐላ አይፈቅድልኝም፣ ግን እውነቱን እናገራለሁ ማለት ይችላል። የእኛ ሰዎች ብለውት ያውቃሉ። ባይፈቀድልኝስ? ደረቱን ነፍቶ "አልቀበልም" ያለ ዳኛ ቢገጥመኝ እንኳ ጮክ ብዬ ተናግሬ መውጣት አያቅተኝም። መሐላን የተውነው እኮ ቃላችን ያለ መሐላ ለእውነት እንዲቆም ነው። እኔ መሐላን ትቼ እውነቱንም አብሬ ተውኩት። በእምነቴ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚያምረውን መርጬ ወንድሜን ሸፈንኩበት።

ፋጡማ ይህን ለባሏ ነገረችው። እሱ ምን ያለ ይመስልዎታል? ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ቢጮህብኝ ምናልባት እነሣ ነበር። እሱ ግን ከእስር ቤት የላከብኝ ቃል ይህ ነው፦ "ሃይማኖቷን አታስጨንቋት። ስሟን ከምስክር አውጡት።" አወጡት። እኔም ጌታን አመሰገንኩ። አዎ፣ ይህንንም አድርጌያለሁ። ተንበርክኬ አመሰገንኩ።

ከዚያ በፊት፣ ጋሽ ይመር ገና በተያዘ በሁለተኛው ቀን፣ ታምራት ተጠምቋል። ነጭ ልብስ ለብሶ ውሃው ውስጥ ቆመ። አምነህ ነው ወይስ በሰው ግፊት ተብሎ ተጠየቀ፤ "አምኜ ነው" አለ። ከውሃው ሲወጣ በሰው ሁሉ መካከል እኔን ፈለገኝ። ውሃው ከሽፋሽፍቱ እየወረደ በጣም ረጅም ጊዜ አየኝ። እኔ ፈገግ አልኩለትና ከዘማሪዎቹ ጋር መዘመር ቀጠልኩ።

ጋሽ ይመር ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ሱቁ ለሌላ ሰው ሆነ። በዚያ ዓመት ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ስለ መሐላ ሲሰብክ ስሜን ሳይጠራ እኔን ምሳሌ አደረገኝ። ለጎረቤቷ እንኳ ብላ የጌታን ቃል ያላፈረሰች እህት አለች አለ። ሰው ዞሮ አየኝ። ከጌታ እራት በኋላ ሴቶቹ ወደ ኋላ ክፍል ገብተን እግር መተጣጠብ ስንጀምር አንዲት እህት ሳፋውን ይዛ ፊቴ ተንበረከከች። እያለቀሰች አጠበችኝ። ውሃው ለብ ያለ ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ከእግሬ ይልቅ የጋሽ ይመር እግር ታየኝ፣ ቢጫዋ ማንቆርቆሪያ፣ በጣቶቹ መካከል ቀስ ብሎ ሲያሽ። እግሬን አውጥቼ መሸሽ ፈለግኩ። እሷ ግን የነካኝ መንፈስ ቅዱስ መሰላት።

የባሰው ገና ነው። ወሬው ወደ ገበያው ወጣ፤ ያቺ ጴንጤ ለጎረቤቷ እንኳ አልማለችም ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሸማ ተራ ውስጥ ቃሌ እንደ ማኅተም ሆነ። ነጋዴ ተጣልቶ ሲመጣ "ዘቢደር ምን አለች?" ይባላል። ወላሂ ያለው ሳይታመን፣ ማርያምን ያለው ሳይታመን፣ እኔ "ይኸ ነው" ካልኩ ነገሩ ያልቃል። አሥራ ስድስት ዓመት እውነተኛ ተብዬ በልቼበታለሁ። እኔ፣ አንድ ቀን ብቻ እውነት ሲፈለግብኝ የደበቅኩ ሴት።

የደርግ ጊዜ ነው እንዲህ ያደረገኝ ብዬ ራሴን ያጽናናሁበት ወቅት አለ። ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግታ በየቤቱ አራት አምስት ሆነን በሹክሹክታ ስንጸልይ፣ ወንድምን አሳልፎ አለመስጠት ትልቁ ጽድቃችን ነበር። ዝምታን የተማርኩት ያኔ በወጣትነቴ ነው። ግን ያን ጊዜ ዝም የምንለው ንጹሕ ሰው እንዳይታሰር ነበር። እኔ ዝም ያልኩት ንጹሕ ሰው ታስሮ እያየሁ ነው። ልዩነቱ አልጠፋኝም።

ባለፈው ወር ጋሽ ይመር አስጠራኝ። ከእስር ከወጣ በኋላ ፋጡማ አረፈች፤ እሱም ኮልፌ ልጁ ሰይድ ቤት ነው የሚኖረው። ታሞ ሳስቷል። መጋረጃው ነጭ ስለነበር ክፍሉ በብርሃን ጭጋግ የተሞላ መሰለኝ፤ አንድ አፍታ ሱቄ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ልጆቹን ሰብስቦ አልጋው ዙሪያ አስቀምጧቸዋል።

"ዘቢደር፣ ያን ጊዜ መሐላ ከለከለሽ። እዚህ ዳኛ የለም፣ የሚያስምልሽ የለም" አለኝ። "ልጆቼ አፍ አውጥተው አይሉኝም እንጂ፣ አባታችን ሰው መትቷል ብለው ነው ያደጉት። ያየሽው ካለ ንገሪልኝ። የአንቺን ቃል ያምናሉ።"

ይህን ነበር የፈለገው። ከመሞቱ በፊት በገዛ ልጆቹ መታመን።

"አልመታም" አልኩ። "አይቻለሁ። እሱ ሲደርስ ሰውየው ወድቆ ነበር።"

ሰይድ፣ አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የአባቱን እግር ሳመ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "እትዬ ዘቢደር፣ ታዲያ ማን ነበር?" አለኝ።

ዓይኔን ከእሱ ወደ ነጩ መጋረጃ መለስኩ። ጋሽ ይመር ያን የሳሳ እጁን አነሣ።

"ተዋት ሰይድ። ሰው ማሳጣት ለእሷ አይሆንላትም። ይህን ያህል መናገሯም አላህ ይስጣት" አለ።

ሁለተኛ ጊዜ በሃይማኖቴ ሸፈነኝ። እጄን ይዞ መረቀኝ። ልጆቹ እስከ ታክሲ ሸኙኝ። ምርቃቱን ተቀብዬ መጣሁ፤ ይታይዎታል? ለዘረፍኩት ሰው ከዘረፍኩት ላይ ቁራሽ መልሼ ተመስግኜ መጣሁ።

ትናንት ለታምራት ደወልኩ። ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፤ ሚስትና ልጆች አሉት፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከተወ ቆይቷል። ለምን እንደተወ ጠይቄው አላውቅም ነበር። "ያን ጁምዓ አየሁህ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ። "ነጠላው ሲነቃነቅ አይቻለሁ። ስጠመቅ አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነበር። ከውሃው ወጥቼ ፊትሽን አየሁት፤ እየዘመርሽ ነበር። እህቴ ዝም ካለች ዝም ማለት ይቻላል ማለት ነው አልኩ።" ከዚያም፣ "ንገሪያቸው፤ እኔም እመጣለሁ" አለኝ።

ወንድሜን ያዳንኩ መስሎኝ ነበር። ያ በበረዶ ላይ ተመልሶ የሄደው ሰው ጠላቱን አወጣ። እኔ መሻገር የነበረብኝ አንድ ቦይ ነበር፤ አልተሻገርኩም። እዚያው ቁጭ ብዬ ሁለቱንም አሰጠምኳቸው። የራሱን ጥፋት ታምራት ራሱ ይናዘዛል። ያስተማረችው፣ ያየችው፣ ዝም ያለችው ግን እኔ ነኝ።

ይቅርታ ልለምን? ከእርስዎ አልለምንም፤ የበደልኩት እርስዎን አይደለም። ጋሽ ይመርን ስለምነው ደግሞ ይቅር እንደሚለኝ አውቃለሁ። ስለማውቅ ነው የሚያስፈራኝ። ነገ ጁምዓ ነው። ሶላቱ እስኪያልቅ ጠብቄ ኮልፌ እሄዳለሁ። ልጆቹ ባሉበት የምናገረውን እዚህ ጽፌዋለሁ፣ እዚያ አፌ እንዳይያዝ፦

"ሰይድ፣ ማን ነበር ብለህ ጠይቀኸኛል። የመታው ወንድሜ ታምራት ነው። አባትህ አልመታም፣ ያነሣው እሱ ነው። እኔ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜም መናገር እችል ነበር። ሃይማኖቴ አልከለከለኝም።"

ጮክ ብዬ አነበብኩት። ንባቡ ከእኔ ሱቅ በር ተነሥቶ፣ ቦዩን ተሻግሮ፣ ጋሽ ይመር ሱቅ በር ለመድረስ የሚበቃ ጊዜ እንኳ አይፈጅም።